የሰዓቱ ማሰሪያ ገበር

እጆቼ ካርቱም፣ አማራት ሰፈር፣ አስፋልቱ ዳር ተሰቅለው ከረሙ። ሙሉ እኔ አይደለሁም፤ ከክርኔ በታች ያለው ብቻ። ትልቅ ፎቶ ነው። ሁለት እጆች የሰዓት ማሰሪያ ይሰፋሉ፤ የግራው አውራ ጣት ላይ ወስፌ የተወው ጠባሳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሥሩ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ «የአብዮቱ እጆች» ተብሎ ተጽፏል። በየጠዋቱ ከጀብራ ወደ ባሕሪ ስሄድ አውቶቡሳችን እዚያ ጋ ሲደርስ መንገዱ ይዘጋና ይቆማል፣ እኔም የገዛ እጆቼን በመስኮት አያለሁ። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ፎቶውን እያየች «ማሻአላህ፣ እንዴት ያሉ እጆች ናቸው» አለችኝ። እጄን ከጭኔ ላይ አንስቼ ነጠላዬ ሥር ደበቅሁት።

ፎቶው ላይ የሌለው አፌ ነው። ነገሩ የተበላሸው ግን በአፌ በኩል ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ሐበሻ ሴት ካርቱም ስትገባ የሚጠብቃት ሥራ አንድም ሰው ቤት ማገልገል፣ አንድም መንገድ ዳር ሻይ ማፍላት ነው። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ፤ ሁለቱም ጋ አፌ አላስቀምጥ አለኝ። እመቤቶቼ ሲያመናጭቁኝ መልስ እሰጣለሁ፤ ሻይ ጠጪው እጄን ሲይዘኝ ሻዩን እደፋበታለሁ። ባሕሪ፣ ፋብሪካዎቹ ካሉበት ሰፈር፣ አንድ የቆዳ ወርሻ የገባሁት የተበጠሰ ጫማዬን ላሰፋ ነበር። ወርሻ የሚሉት እንዲህ ያለውን የእጅ ሥራ ቤት ነው። ባለቤቱ ሰፍተው ሲሰጡኝ ስፌቱ ጠማማ ነው አልኳቸው። እናቴ ጥልፍ ሠሪ ስለነበረች መርፌ ይዤ ያደግሁ ነኝ፤ ጠማማ ስፌት ካየሁ ዝም ማለት አልችልም። ሰውዬው አልተቆጡም። ወስፌውንና ክሩን አቀበሉኝና «እስቲ አንቺ ቀጥ አድርጊው» አሉኝ። ጫማዬን ራሴ ሰፍቼ ወጣሁ፤ በማግሥቱ ሥራ ይዤ ገባሁ። ለእናቴ ግን ቆዳ እሰፋለሁ ብዬ አልነገርኳትም። አገር ቤት ቆዳ ለሚነካ ሰው የሚሰጠውን ስም ስለማውቅ «ፋብሪካ ተቀጠርኩ» ብዬ ላክሁባት።

ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ «ሐጅ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ሰምቼ የማላውቅ ሰው ናቸው። ወርሻው ከሳቸው በፊት የአባታቸው ነበር። አባትየውን ትልቁ ሐጅ እንላቸዋለን። ዓይናቸው ፈዝዞ ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ነገር ግን በየቀኑ እየመጡ በሩ ላይ ከገመድ አልጋቸው ላይ ይቀመጣሉ፣ የሰፋነውንም ሁሉ በጣታቸው ሳይዳስሱ አያሳልፉም። ከኔና ከሐጁ ሌላ አንድ ቆዳ ቆራጭ አለ። ወላጆቹ ከኑባ ተራሮች በጦርነት ተፈናቅለው ካርቱም ዳር፣ ማዮ የሰፈሩ፣ እንደኔው ክርስቲያን የሆነ፣ ለሁሉ ነገር የሚስቅ ሰው ነው። ወርሻው በቃ እኛ ነን።

ትልቁ ሐጅ አንድ የማይነካ ሕግ ነበራቸው። ሁለት ቆዳ ተደርቦ ከተሰፋ በኋላ ጠርዙ ይረጥብና በቀንድ ይታሻል፤ ደህና ከታሸ ሁለቱ ቆዳ አንድ ይመስላል። ሌላው ሰፊ ጠርዙን በውኃ ያረጥባል። ትልቁ ሐጅ ውኃ አይወዱም። ቆዳው ከሚገባው በላይ ይጠጣና ጠርዙ ያብጣል ይላሉ። እሳቸው ወርሻ ውስጥ ጠርዝ የሚረጥበው በምላስ ነው። ጣት ላይ ምራቅ አድርጎ መቀባት እንኳ አይፈቀድም፤ ማሰሪያውን ወደ አፍ አምጥቶ ጠርዙን በምላስ ጫፍ ከዳር እስከ ዳር መሄድ ነው። መጀመሪያ ሳየው ወደ ላይ ሊለኝ ነበር። በኋላ ግን ለመድኩት፣ ከለመድኩትም በኋላ ኮራሁበት። ገበያ ላይ የኛን ቀበቶ ከሌላው የሚለዩት ጠርዙን ዳስሰው ነው።

አብዮቱ ሲፈነዳ ሐጁ ወርሻውን ቆለፉና ወስፌና ክራቸውን ይዘው ሄደው፣ ከጦሩ ዋና መምሪያ ፊት ለፊት ከተቀመጡት ወጣቶች መሐል ምንጣፍ አንጥፈው ተቀመጡ። ሲሮጥ የተበጠሰበትን ሰው ሁሉ ጫማ በነፃ ይሰፉ ነበር። እኔም አጠገባቸው ሆኜ ሰፍቻለሁ። ሐበሻዋ ምን አገባሽ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ያን ያህል የተከበርኩበት ጊዜ ካርቱም ውስጥ አላስታውስም። ሰልፈኛው በጥይት ሲበተን ሐጁ አንድ እግር ሰንደል ይዘው ተመለሱ። ተሰፍቶ አልቆ ባለቤቱን የሚጠብቅ ነበር። ልጁ ይሙት፣ ይዳን፣ ማን ይባል አናውቅም። ሰንደሉን ወርሻው ግድግዳ ላይ ሚስማር መትተው ሰቀሉት።

ከዚያ የሽግግሩ ጊዜ መጣ። መብራት ይጠፋል፣ ዳቦ በሰልፍ ነው፣ ቤንዚን በሰልፍ ነው፣ ቀበቶ የሚገዛ ሰው ጠፋ። ሐጁ ወርሻውን ሊዘጉት እንዳሰቡ በዝምታቸው ያስታውቁ ነበር። ባለቡቲኳ የመጣችው እንዲህ ባለው ሰሞን ነው። እንግሊዝ አገር ያደገች የሱዳን ልጅ ናት፤ ከአብዮቱ በኋላ አገሬን ልርዳ ብላ ተመልሳ አማራት ቡቲክ ከፍታለች። ክፉ ሰው አልነበረችም። ይህን አሁኑኑ የምናገረው ወደ ኋላ ላይ ስለምቆጣባት ነው።

ይዛ የመጣችው ሥራ እንዲህ ነው። አንድ ትልቅ የአውሮፓ ፋሽን ቤት ከአንድ የስማርት ሰዓት ፋብሪካ ጋር ተጣምሯል። ፋብሪካው ሰዓቱን ይሰጣል፣ ፋሽን ቤቱ ማሰሪያውን ያሠራል፣ ከዚያ ሁለቱም ስማቸውን ያኖሩበታል። ለሱዳን ገበያና ለባሕረ ሰላጤው ሀብታሞች ደግሞ ማሰሪያው ካርቱም ውስጥ በእጅ የተሰፋ አንድ ዓይነት እንዲኖር ፈልገዋል። እኔ ሰዓቱን አገላብጬ አየሁት። የመስታወቱ ውስጥ፣ እርምጃ ቆጣሪው፣ የልብ ትርታ ለኪው ሁሉ ተራው ሰዓት ውስጥ ያለው ነው፤ እሷም አልካደችም። የሚለየው ማሰሪያውና ስሙ ብቻ ሆኖ ዋጋው ግን ተሰምቶ የማያውቅ ነው።

«ታዲያ ሰዎቹ ምኑን ነው የሚገዙት?» አልኳት።

«ታሪኩን፣ ሐቢብቲ» አለችኝ። «ያኒ፣ ማለቴ የናንተን ታሪክ።»

የኛን ታሪክ ማን ሸጠላቸው ልላት ነበር፤ ሐጁ በዓይናቸው ጠቅሰው ዝም አሰኙኝ። ሥራው ያስፈልገን ነበር።

የማሰሪያው ላይኛው ፊት ከኛው ፍየል ቆዳ ይቆረጣል። ገበሩ፣ ማለትም የሰው ገላ የሚነካው ውስጠኛው ፊት፣ ከአውሮፓ በካርቶን ታሽጎ መጣ። ቀጭን፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ የለሰለሰ ቆዳ ነው፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የፋሽን ቤቱ ስም በወርቅ ቀለም ታትሟል። ትልቁ ሐጅ ሳይቀሩ ዳስሰው «ይህ ምን ዓይነት ጠቦት ነው?» አሉ። ጥያቄው እዚያው ቀረ። ለእኛ ቆዳ ማለት የፍየል ነው፣ የበግ ነው፣ የበሬ ነው፣ ካልሆነም የግመል ነው። ሌላም ሊኖር ይችላል ብሎ የሚጠረጥር ሰው ወርሻው ውስጥ አልነበረም፤ ካርቱም ውስጥም ያለ አይመስለኝም። ሰፋን፣ ላስን፣ አሸን። ለኔ ዐቢይ ጾም ነበር። ወተት በአፌ አይዞርም፣ ቅቤ የነካውን ድስት እንኳ አልጠቀምም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ግን ያን ገበር እልስ ነበር።

ባለቡቲኳ የመጀመሪያውን ማሰሪያ ከነሰዓቱ ለሐጁ በስጦታ አሰረችላቸው። ሰዓቱ በስልክ ተመዝግቦ ካልተከፈተ አይሠራም፤ ምዝገባው ደግሞ ሱዳን የሚል አገር አይቀበልም። በማዕቀቡ የተነሳ ነው አሉ። በኛ እጅ የተሰፋውን ሰዓት እኛው አገር ማሰር አይቻልም ማለት ነው። የሐጁ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ፣ ዱባይ ነኝ ብላ ዋሽታ ከፈተችላቸው። ቆራጩ «እንግዲህ ሰዓቱም ያለ ኢቃማ ነው የሚኖረው» ብሎ ሳቀ፤ እኔም የመኖሪያ ፈቃዴ ካለፈበት ስለከረመ አብሬው ሳቅሁ። ሐጁ ግን ሰዓቱን ወደዱት። ብዙ ሲቀመጡ እጃቸው ላይ ይንቀጠቀጥና «ተነሥ» ይላቸዋል። እሺ ብለው ይነሣሉ።

በዚያው ሰሞን ትልቁ ሐጅ ሞቱ። ጠዋት ስንገባ የወርሻው በር ላይ አልጋቸው ባዶውን ነበር። ሐጁ አባታቸውን ራሳቸው ከሌሎች ወንዶች ጋር ሆነው አጠቡ፣ ከፈኑ፣ በጀናዛው፣ በአስከሬኑ ፊት ቆመው ያሰገዱት እሳቸው ናቸው። ሰዓቱን ለእጥበቱ አውልቀው ለሶላቱ መልሰው አስረውት ነበር። በኋላ ሲነግሩኝ፣ ለአባታቸው ምሕረት እየለመኑ ሳለ ልባቸው ሲመታ ሰዓቱ ተንቀጠቀጠና መስታወቱ ላይ «ስፖርት እየሠራህ ነው?» የሚል ጽሑፍ መጣ። እኔ ሰዓቱን አውልቄ እወረውረው ነበር አልኳቸው። «መዓሌሽ፣ ግድ የለም፣ እሱ ምን ያውቃል» አሉኝ። ለማሽን እንኳ ይቅር ይላሉ።

ቀብሩ አልፎ ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ባለቡቲኳ ከፋሽን ቤቱ የተላከ አንድ ኸዋጃና አንድ ፎቶ አንሺ ይዛ መጣች። ኸዋጃ ፈረንጅ ማለት ነው። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ትሑት፣ ለሁሉም እጁን የሚዘረጋ ሰው ነው። ፎቶ አንሺው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰንደል አይቶ አውርዱልኝ፣ ከማሰሪያዎቹ ጋር ጠረጴዛው ላይ ይሁን አለ። ሐጁ «እሱ አይነካም» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። ፎቶ አንሺው ሰንደሉን ትቶ ወደ እጆቼ ዞረ። ሰፋሁ፤ አነሣ። ጠርዙን ላስኩ፤ ኸዋጃው ዓይኑ ፈጠጠ። እንደገና ላሺው አለኝ ፎቶ አንሺው። እንደገና ላስኩት። ሌላም ጊዜ አስላሰኝ፣ ብርሃኑ አልተመቸኝም እያለ።

ኸዋጃው ጎንበስ ብሎ በቅርብ አየኝና ለባለቡቲኳ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አላት። ሊጠይቀኝ የፈለገው ነገር እንዳለ ገብቶኛል። እሷ ልትተረጉም አፏን ከፈተችና ተወችው። መልሳ እሱን ጠየቀችው፤ መለሰላት። ፊቷ ተቀየረ። ኸዋጃው እሷ ዝም ስትል ሊረዳን ፈለገ መሰለኝ፣ ገበሩን በጣቱ ነካ አደረገና በሌላው ጣቱ አፍንጫውን ከታች ወደ ላይ ገፍቶ፣ በጉሮሮው «ኽሩክ፣ ኽሩክ» አለ። ፈገግ ብሎ ነበር። ይህን ሁሉ እየላስሽ አትጸየፊም ወይ ማለቱ ነው። ከልቡ ገርሞት ነው የጠየቀው።

ለዚያ ድምፅ አስተርጓሚ አያስፈልግም፤ ገበሩ የአሳማ ነው። ምላሴ አፌ ውስጥ የኔ አልሆን አለኝ። ወጥቼ ቧንቧው ጋ ተፋሁ፣ በሳሙና አፌን ታጠብኩ፣ አሁንም ተፋሁ። ስመለስ ሐጁ ሰዓቱን ከእጃቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውት፣ የታሰረበትን ቦታ በሌላው መዳፋቸው ይዘው ቆመዋል። «አባቴ ላይ የሰገድኩት በዚህ ነው» አሉ። ለማንም አላሉትም።

ባለቡቲኳ እንደማታውቅ ማለች። ወላሂ አለች፣ በእናቴ አለች። እኔ አምኛታለሁ። እሷም አንዱን ማሰሪያ አስራ ነበር፤ ኸዋጃው ያን ድምፅ ሲያሰማ የሸሚዟን እጅጌ ስባ ሸፈነችው እንጂ አላወለቀችውም። ኸዋጃው ነገሩን ሲያስረዳ፣ እነሱ ዘንድ ይህ ገበር የተለመደ እንደሆነ፣ ላብ እንደሚመጥ፣ በጣም ጥሩው ቆዳ እንደሆነ ነገራት። አንድ ጊዜ እንኳ አዝናለሁ አላለም። ለምን አልነገራችሁንም ብዬ ስጮህ «አልጠየቃችሁም» የሚል መልስ ተተረጎመልኝ። በእስላም አገር፣ በእስላም ወርሻ፣ ለእስላም እጅ የሚሰፋ ማሰሪያ ይዞ መጥቶ፣ ጥያቄውን ከኛ ይጠብቃል።

ቆራጩ ይህን ሁሉ ሰዓት ቢላውን ይዞ ቆሞ ነበር። እሱ በዚህ ቆዳ የሚታወክ ሰው አይደለም፤ ተራራው ላይ ዘመዶቹ ያረቡታል፣ ይበሉታልም፣ ደብቆትም አያውቅ። ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቀም።

«እኛ ጋ ይበላል» አላት ለባለቡቲኳ። «ግን እንግዳ ሲመጣ ስሙ ተነግሮ ነው የሚቀርብለት። ይህን ንገሪልኝ ለሰውዬሽ።»

ነገረችው አልነገረችው አላውቅም። እሷ ያስጨነቃት ሌላ ነበር። የሰዓቱ ምረቃ ሊደርስ ቀናት ቀርተውታል፤ ሚኒስትሮች ተጠርተዋል፣ ሆቴሉ ተይዟል።

«ሐጅ፣ ነገሩ ከዚህ ክፍል ካልወጣ ማንም አያውቅም» አለች።

«የሚገዙት ሰዎች ይሰግዱበታል።»

«አውልቀው ይሰግዳሉ።»

«እኔ አላወለቅሁም» አሏት።

እሷም ለሁለተኛው ዙር የሌላ ቆዳ ገበር እንደምታስመጣ ቃል ገብታ፣ ኸዋጃዋን ይዛ ሄደች። በሩ ላይ ኸዋጃው እንደገና እጁን ዘረጋልኝ። አልጨበጥኩትም።

በማግሥቱ ሐጁ ወደ ሼካቸው፣ እኔ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድን። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቆሜ ነገሩን ስናገር አባ መጀመሪያ አልገባቸውም።

«በላሽ ወይስ አልበላሽም?» አሉኝ።

«አልበላሁም አባቴ። ላስኩት።»

«ቆዳውን?»

«ቆዳውን። በጾም።»

ሳቃቸውን ለመዋጥ ጢማቸውን ሲጨብጡ አይቻለሁ፤ አልፈርድባቸውም። ሳታውቂ ያደረግሽው ነው፣ አይዞሽ አሉና ጥቂት ስግደት አዘዙኝ። እኔ ምን አጥፍቼ ነው የምሰግደው ብዬ ተነጫነጭኩ። ልብሽ እንዲያርፍ ነው እንጂ ለቅጣት አይደለም አሉኝ። ሰገድኩ። ልቤ ግን ያው ነበር።

ሐጁም ከሼካቸው የሰሙት ተመሳሳይ ነው። ያላወቀ አይጠየቅም፣ ሶላትህ ሶላት ነው ብለዋቸዋል። ይህን ሲነግሩኝ አላመኑትም ማለት አይደለም፤ አምነዋል። ግን አባታቸው አንድ ጊዜ ነው የሚሞቱት፣ ያ ሶላትም አንድ ጊዜ ነው የሚሰገደው። እጃቸውን ያዩታል፣ ያሹታል። ወርሻ እንደገቡ «እንተርትረዋለን» አሉ። ሁሉንም ማለታቸው ነው።

ተረተርነው። የሰው እጅ ጥሩ አድርጎ የሰፋውን መተርተር ከመስፋት ይብሳል፤ ክሩ እንዲለቅ ቆዳው እንዳይቀደድ መጠንቀቅ አለ። ሐጁ ከራሳቸው ኪስ ቀጭን የፍየል ቆዳ ገዙ። ቆራጩ «የናንተ ጉዳይ ነው» ብሎ ቢሄድ ማንም አይወቅሰውም ነበር፤ ግን «የተዋሸሁት እኔም ነኝ» ብሎ ገበሩን ሁሉ እንደገና ቆረጠ። መብራት ሲጠፋ በር ላይ ወጥተን፣ የትልቁ ሐጅ አልጋ በነበረበት ቦታ ተቀምጠን ሰፋን፤ ጥድፊያው ለመጸየፍ ጊዜ ስላልሰጠን ጠርዙን እንደ ልማዳችን ላስን። ለምረቃው ደረሰ። ያን ያህል ያማረ ሥራ ወርሻው ሠርቶ አያውቅም፤ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ለስፌት ርኅራኄ የለኝም።

ሐጁና እኔ ካርቶኖቹን ይዘን አማራት ሄድን። ባለቡቲኳ አንዱን አንሥታ ዳበሰችውና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ደስ ያላት መሰለኝ። ኸዋጃው ከእጇ ወሰደው፣ የላይኛውን ፊት አየ፣ ጥሩ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ገልብጦ ገበሩን አየ። ወደ መብራት አቀረበው። ሌላ አነሣ፣ ሌላም። የሚፈልገው ስሙን ነበር። የወርቁ ስም ያለው በተተረተረው ገበር ላይ ነው፤ የኛ ፍየል ምንም አልተጻፈበትም። ስሙ የሌለበትን ማሰሪያ ፋሽን ቤቱ የኔ ነው ሊል እንደማይችል ነገራት፣ እሷም አንገቷን ደፍታ ነገረችን። የናይል ፍየል፣ የኔ ስፌት፣ የሐጁ ጠርዝ፣ እዚያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰንደል ታሪክ ሳይቀር፣ ዋጋ የነበረው ሁሉ የአሳማው ጀርባ ላይ ነበር ለካ። እኔም ይህንኑ በዓረብኛ፣ በአማርኛ፣ ባለኝ እንግሊዝኛም ጭምር ነገርኩት። የቡቲኩ ዘበኛ መጥቶ በር ላይ ቆመ።

ኸዋጃው ከኛ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። የተተረተሩት ገበሮች የት እንዳሉ ጠየቀ። የፋሽን ቤታችን ስም ስላለበት የኛ ንብረት ነው፣ አንዲትም ሳትቀር ትመለስ አለ። ወርሻው ድረስ ሰው ልኮ በጆንያ አስወሰደው። ስለ ትልቁ ሐጅ ሶላት የጠየቀ የለም፤ ለስሙ ግን መኪና ተላከ።

ምረቃው ከውጭ አገር በመጣ ማሰሪያ ተደረገ። ጋዜጦቹ ላይ ከነፎቶው ወጣ። የኔ እጆች ያን ጊዜ ነው የተሰቀሉት። አውርዱልኝ ብዬ ሄጄ ነበር፤ ባለቡቲኳ ፎቶው የኩባንያው እንደሆነ፣ ፊቴ ስለሌለበት እንደማይጎዳኝ በትሕትና አስረዳችኝ። እጅጌዋ ረዥም ስለነበር ሰዓቱን አድርጋው እንደሁ ማየት አልቻልኩም።

አንድ ዓርብ ሐጁ ወደ መቃብሩ ሄዱ። እኔና ቆራጩ አብረናቸው ሄደን ከአጥሩ ውጭ ቆምን። ከሩቅ አያቸው ነበር፤ እጃቸው ባዶ፣ የነጭ ጀለቢያቸው እጅጌ ከአንጓቸው በላይ ተሰብስቦ፣ ከአባታቸው መቃብር ፊት ቆመው እንደገና ሰገዱ። ሼኩ አያስፈልግም ብለዋቸው ነበር። ሲወጡ እግራቸው አቧራ ለብሶ ነበር፣ ዓይናቸውም ቀልቶ ነበር።

«ቢንቲ፣ ልጄ፣ ቄስሽ ምን አሉሽ?» አሉኝ፤ እስከዚያ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።

«ስገጂ አሉኝ፣ ሰገድኩ።»

ትንሽ ሄዱና ቆሙ። «አንቺ ሳታውቂ ላደረግሽው ሰገድሽ፤ እኔ ሳላውቅ ላደረግሁት ደግሜ ሰገድኩ» አሉ። «ያወቀው ሰውዬስ፣ ማን ይስገድለት?»

እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ከኋላቸው ተከተልኳቸው።

ቅዳሜ ሥራ ገባን። ሐጁ የተመለሱትን ማሰሪያዎች ለተራ ሰዓት እንዲሆኑ ለገበያ ሊያወጧቸው አስበው፣ ለትርፍ ተቆርጠው ያልተሰፉትን ጥቂቶች ደግሞ እንድንጨርስ ሰጡን። አንዱን ሰፍቼ ጨረስኩ፣ ወደ አፌ አመጣሁት። ፍየል ነው። የተገዛበትን ሱቅ አውቀዋለሁ፣ ቆራጩ ሲቆርጠው አይቻለሁ። አሁን ጥድፊያው የለም፤ ምላሴ አልወጣ አለኝ። ቀና ስል ሐጁም እንደኔው ማሰሪያ ከንፈራቸው አጠገብ ይዘው ቀርተዋል። ተያየን። አባታቸው ያስተማሯቸው፣ እሳቸው ለኔ ያስተማሩኝ ሥራ እዚያ ላይ አለቀ።

ሐጁ ተነሥተው ጎድጓዳ ሳህን ውኃ አምጥተው በመካከላችን አስቀመጡ። ጣታችንን እየነከርን ጠርዙን አረጠብን። ማታ ሲደርቅ ትልቁ ሐጅ እንዳሉት ነበር፤ ጠርዙ አብጦ ነበር።